በአራት ጣት ያጠረ ወንበር

በዚያ ዓመት ዝናቡ ለሦስት ወር አላባራም። ጣውላ አልደርቅ አለ። ኮላ አልይዝ አለ። መንገዱ ጭቃ ሆነና ሰው ጉዳይ ካላስገደደው ከቤቱ አልወጣም። አናጺው በመጀመሪያው ወር አንድ በር አደሰ። በሁለተኛው ወር ለጎረቤት የመስኮት ፍሬም ጠገነና ምስጋና ተቀበለ። በሦስተኛው ወር ምንም አልሠራም። ዝናቡ ሲያቆም ሰው ገበያ ወጣ፤ ወደ እሱ ግን አልመጣም። ፕላስቲክ ወንበር ገብቶ ነበር። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ውሃ አይነካው፣ ምስጥ አይበላው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ አንድ ሰው ስድስቱን በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል።

ወንበሩን ያስገባው ባዳ አልነበረም፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሰፈሩ «ባለፕላስቲክ» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ብቻ አያርፍም። በአራተኛው ወር መግቢያ ላይ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመና የመጣበትን ተናገረ። ዕቃ ማስቀመጫ ቸግሮታል። የአናጺው ክፍል ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መንገድ ዳር ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካልመጣ ክፍሉን ለእሱ ይልቀቅ፤ እሱም በፈንታው ጋሼን የመጋዘኑ ጠባቂ ያደርገዋል። ቀላል ሥራ ነው አለ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወንበር መጠበቅ።

አናጺው እምቢ እንዳይል ሥራ የለውም። እሺ እንዳይል ደግሞ ታላቅ እህቱ አለች።

እህቱ ከክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓዳ ውስጥ ትኖራለች፤ የምትተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሙያ ያስተማረው ሽማግሌ አናጺ ሞተና ልጆቹ መሣሪያውን ለገበያ አወጡት። አናጺው የሚገዛበት አልነበረውም። እህቱ የሙሽርነት አልጋዋን ሸጣ መጋዙን፣ መላጊያውንና መሮውን ገዛችለት። የመጀመሪያውን ደህና እንጨት ሳገኝ አልጋሽን እሠራልሻለሁ አላት። ደህና እንጨት ሲገኝ ደንበኛ ይቀድማል፤ ደንበኛ ሲጠፋ እንጨቱም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ጉልበቷ ከመሬት ተነሳ ሲሉት እምቢ ካለ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት የወንድሟን ሚስት ትጠራና በእጇ ተስባ ትነሳለች። ስትቆጣ «አልጋዬን የበላህ» ትለዋለች። ሳትቆጣም ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ከዝናቡ በፊት አንድ አንድ እያለ ያጠራቀመው ስምንት ጣውላ የጓዳዋን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ለአልጋ ግን ገና ሁለት ይጎድለዋል። ክፍሉ ከሄደ መሣሪያው ይሸጣል፤ መሣሪያው ከተሸጠ አልጋው ጣውላ እንደሆነ ይቀራል። ይህን አናጺውም፣ ሚስቱም፣ እህቱም ያውቃሉ። አንዳቸውም አይናገሩትም።

ባለፕላስቲክ በዚያው ዕለት ሌላ ነገርም አደረገ። ክፍሉን ሊለካ የብረት ሜትር ይዞ ነበርና በሩ ላይ ከቆመው የአናጺው ወንበር አጠገብ አንዱን የራሱን ወንበር አቆመ። የአናጺው በአራት ጣት አጠረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ወንበር ነው ወይስ ዱካ?»

አናጺው ሜትር አይነካም። ያስተማረው ሽማግሌ ሜትር የጨርቅ ነጋዴ ነው ይል ነበር፤ አናጺ የሚለካው በዘንግ ነው። ከመሣሪያው ጋር ያገኘው የሽማግሌው ዘንግ ሦስት ምልክት አለው፤ አንዱ ለወንበር፣ አንዱ ለጠረጴዛ፣ አንዱ ለመደገፊያ። ጫፉን መሬት ላይ አቁሞ ምልክቱን ማየት ብቻ ነው። አናጺው ዘንጉን አንስቶ ጫፉን አገላብጦ አየው። ያኔ ገባው። ሽማግሌው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያነክስ ነበር። በዚያው በመለኪያ ዘንግ እየተመረኮዘ ገበያ ይወጣ፣ ለቅሶ ይደርስ ነበር። ድንጋዩ የዘንጉን ጫፍ በላው። ወንበሩም ጠረጴዛውም አብረው ስላጠሩ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚያስታውቅ ነገር አልነበረም።

ባለፕላስቲክ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች አለ» ብሎ ሄደ።

አናጺው ያን ቀን ምሳ አልበላም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ሁሉ በየሰው ቤት አጎንብሶ ቆሞ ታየው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጠና ያለች ሴት በደጁ ስታልፍ ቆመች። ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ እርምጃዋ ፈጣን ነው። በሩ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወደ ታች አየች። ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች። አናጺው መላጊያውን እንደያዘ ያያታል። የደከማት መስሎት ውሃ ላምጣልዎት ሊል ነበር። እሷ ግን ይሸጣል ወይ ብላ ጠየቀችው።

ጉድለት አለበት አላት። ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው አለችው። ልኩ ላይ ነው አለ፤ ከዚያ በላይ ለመናገር አፈረ። ሴትዮዋ ሳቅ አለችና የጠየቃትን ከፍላ ወንበሩን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ሄደች። አናጺው ጉድለት አለበት ያሉት ዕቃ እንደዚህ ሲወሰድ አይቶ አያውቅም።

በሳምንቱ አንድ ጋሪ ገፊ መጣ። ሲስተር ልካኝ ነው አለ። ስድስት ወንበር ትፈልጋለች፣ ልክ በቀደም እንደወሰደችው፣ ወሩ ሳያልቅ። ሲስተር ማን ናት፣ ለምን ፈለገችው ቢለው ጋሪ ገፊው ትከሻውን ነቀነቀ። እሱ ተሸካሚ እንጂ ጠያቂ አይደለም።

ያን ቀን ቤቱ በክርክር ዋለ። ሚስቱ ሲሳይ ሲመጣ ከየት መጣህ አይባልም አለች። ወንድሟም በአጋጣሚ ደርሶ ነበርና ሴትዮዋ መጠጥ ቤት ልትከፍት ነው፣ ሰካራም ከከፍታ እንዳይወድቅባት ብላ ነው አለ። ራሱ ቀድሞ ሳቀ። እህቲቱ ከጓዳዋ ሆና ታዳምጣለች።

«ሴትዮዋ ስትቀመጥ ምን አየች?» አለችው።

«እግሯን።»

«አንተስ ምን አየህ?»

«ፊቷን።»

«ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» አለችው።

አናጺው ነገሩን ከግራም ከቀኝም ቢያየው ሊገባው አልቻለም። ሊሆን የሚችል አንድ ነገር ብቻ አገኘ፦ ሴትዮዋ ጉድለቱን አላወቀችም። ዛሬ አላወቀችም፣ ነገ ታውቃለች፤ ነገ ስታውቅ እሱ አታላይ ይባላል። ስለዚህ ስድስቱን በትክክለኛው ልክ ሊሠራ ወሰነ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ የሚገባው የተሟላ ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር። እንጨት ግን የለውም። ያለው የጓዳው ስምንት ጣውላ ብቻ ነው።

ገብቶ እህቱ ፊት ቆመ። አፉን ሳይከፍት ገባት።

«የመጀመሪያውን አልጋዬን የተሠራውን በላኸው» አለች። «ሁለተኛውን ደግሞ ጥሬውን ልትበላው ነው። በል ውሰድ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

ከሚስቱ ወንድም ሜትር ተዋሰ። ሜትሩን ሲይዝ የሟቹን ሽማግሌ ፊት እያሰበ ነበር። ለዘጠኝ ቀን ሠራ። ሚስማር አልነካም፤ ሁሉንም በመሮ አጋጠመው። መቀመጫውን ላገው፣ ጠርዙን አለዘበው፣ ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ ቀባ። ስድስቱ ሲቆሙ በአንድ ፀጉር እንኳ አይበላለጡም። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ጋሪ ገፊው መጥቶ ሲጭናቸው አናጺው ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አያቸው።

በሦስተኛው ቀን ስድስቱም ተመለሱ።

ጋሪ ገፊው እያወረደ አስረዳ። ሲስተር እነዚህ አይደሉም ብላለች፤ ረጅም ናቸው ብላለች። አናጺው ልካቸው እኮ ነው አለው።

«ጌታው፣ እኔ ልክ አላውቅም። ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ይከብዳሉ።»

አናጺው ከስድስቱ በአንዱ ላይ ተቀመጠ። ጠማማውን ሠርቶ ተወደደ፣ ቀጥ ያለውን ሠርቶ ተመለሰ። ስህተቱን ሳያውቀው አሥራ አንድ ዓመት ሸጠው፤ ባወቀውና ባረመው ጊዜ ገዢ አጣ። የእህቱም ጣውላ ማንም የማይፈልገው ወንበር ሆኖ ዙሪያውን ቆሟል። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ባለፕላስቲክ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ክፍሉን ለካ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ስንት ወንበር እንደሚደረደር በጣቱ ቆጠረ። አላሾፈም። አለማሾፉ ለአናጺው የባሰ ሆነበት።

ቆርጬ ላሳጥራቸው ይሆን ብሎ አሰበ። ደግሞ ያኛው ጉድለት ሳይሆን ሌላ ነገር ቢሆንስ የተወደደው? መደገፊያው ይሆን? ቀለሙ? ከቆረጠ በኋላ መቀጠል የለም። ቁጭ ብሎ ቀረ። እህቱ በጓዳው በር አየችው። ተቀምጦ ከማሰብ ሄዶ ማየት እንደሚሻል ነገረችው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አለችው።

በማግሥቱ ጋሪ ገፊውን ፈልጎ ወንበሮቹን መልሶ አስጫነ። እሱ ከኋላ ተከተለ። ባዶ እጁን ሰው ዘንድ መሄድ ስለከበደው መጋዙን በከረጢት ያዘ።

የደረሱበት ቤት ረጅም አዳራሽ ነው። ግድግዳውን ይዘው ከፍ ያሉ አግዳሚዎች ተደርድረዋል፤ በአግዳሚዎቹ ላይ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የወደቁ፣ አጥንታቸው የተሰበረ፣ መራመድ እንደገና የሚማሩ ናቸው። እግሮቻቸው በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ሲነሳ ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ ያወርደዋል። በአዳራሹ መሐል የእሱ ወንበር ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ ያቺ ሴት ነጭ ጋውን ለብሳ ቆማለች፤ ነርስ ኖራለች።

አናጺውን አይታ ይጠብቁ በሚል እጇን አነሳች። አንዲት ትንሽዬ አሮጊት ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ እማማ በሉ ይነሱ አለቻቸው። አሮጊቷ ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ተነሱ። ማንም አልነካቸውም። አሮጊቷ ራሳቸው ተገርመው ዙሪያቸውን አዩ።

«እግር መሬት ካልረገጠ ጉልበት ከየት ይመጣል?» አለችው ነርሷ። «ስድስት እንደዚህ ያለ ነበር የጠየቅኩዎት።»

አናጺው ግን እንደገና ግራ ገባው። እንግዲያው የተበላው ዘንግ ነው ትክክለኛው? ሜትሩ ነው የዋሸው? እዚያው ቆሞ አየ። ማየት ይችልበታል፤ ዝም ብሎ ማየት ከንግግር ይልቅ ይቀለዋል። ሁለተኛዋ አሮጊት ተቀምጠው ተነሱ። ሦስተኛው ሽማግሌ ተቀምጠው ተነሱ። አራተኛው በጣም ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ደረታቸው ደረሰ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ መነሳት አቃታቸው። ነርሷ አባባ ሰነፍ ናቸው፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አለች።

አናጺው ወጣ። ከጋሪው ላይ ከተመለሱት ወንበሮች አንዱን አውርዶ አመጣና ከሽማግሌው አጠገብ አቆመ። ሁለት ሰው ሆነው አሸጋገሯቸው። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ያዙ፣ ተነሱ። ቆመውም ነርሷን ቁልቁል አዩዋት።

«ሰነፍ አልሽኝ» አሉ።

ነርሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ወንበሮቹን በየተራ አየች። አናጺውም ያያል። ምን እንዳየ በቃል ተናገር ቢሉት አይችልም ነበር። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና የመጀመሪያዋን አሮጊት ይቅርታ እማማ ብሎ ፊታቸው በርከክ አለ። ከወለል እስከ ጉልበታቸው ጀርባ በስንዝሩ ለካ። ያንኑ ስንዝር በወንበሩ እግር ላይ ምልክት አድርጎ መጋዙን አወጣ። ሰጋቱራው የአዳራሹን ወለል ሲያለብስ አንድ ሰው ጽዳቱስ ብሎ አጉረመረመ፤ ነርሷ በእጇ ዝም አሰኘችው።

እስከ ቀትር አምስት ወንበር ለአምስት ሰው ቆረጠ። ሁለቱ በአራት ጣት አጠሩ፣ አንዱ በሁለት፣ አንዱ በሦስት፤ የአንዲት ደቃቃ ሴት ደግሞ በአምስት። የረጅሙ ሽማግሌ እንዳለ ቀረ። ረጅሙን ማሳጠር ይቻላል፤ ስድስቱን በአሮጌው ዘንግ ሠርቷቸው ቢሆን ለሽማግሌው የሚሆን ባልኖረ። ይህ ትዝ ሲለው እንደ ዕውቀት አልተሰማው፤ ጉድጓድ ዘሎ ካለፈ በኋላ ዞሮ እንደማየት ሆነበት።

ነርሷ ከማን እንደተማረው ጠየቀችው። አላውቅም አላት። እውነቱን ነበር።

እዚያው ቆመው ተነጋገሩ፤ እሷ ተናገረች፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ለአዳራሹ ሃያ ወንበር ያስፈልጋታል፣ እያንዳንዱ በሰው ልክ። ወደ ቤታቸው የሚመለሱትም አሉ፤ ቤተሰቦቻቸውን ወደ እሱ ትልካለች። በጓሮው ከፈረሰ ቤት የወጣ የጣሪያ እንጨት ተከምሯል፤ እሱን ይውሰድ፣ ከሃያው ወንበር የተረፈው የራሱ ነው። አናጺው ክምሩን ዞሮ አየው። አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ሞከረው። ለስንት ዓመት የደረቀ፣ ጠንካራ እንጨት ነው። የሃያውን ወንበር በልቡ አሰላ፤ ደግሞ አሰላ፤ ሦስተኛም አሰላ። ይተርፋል።

የወሩ መጨረሻ ቀን ባለፕላስቲክ በጋሪ ሙሉ ቀይ ወንበር ይዞ መጣ። ክፍሉ እስከ በሩ እንጨት ሞልቶታል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። አናጺው ሊያስረዳው ሞከረ፤ ጀመረ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ። ራሱም አጥርቶ የማያውቀውን ነገር ለሰው ማስረዳት ጭንቅ ነው።

«ታዲያ ልኩ ስንት ሆነ?» አለ ባለፕላስቲክ።

«እንደ ሰውዬው ነው።»

«ጋሼ፣ እንደ ሰውዬው የሚባል ሜትር የለም።»

ይህን ብሎ አንድ የተጀመረ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለፕላስቲክ አጭር ሰው ነው። እግሩ መሬቱን ረገጠ። እግሩን አየና እናቱ ቤት ባለው የራሱ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ እንደሚንጠለጠል ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእማማ አንድ ሥራልኝ አለ። ቀይ ወንበሮቹን ይዞ ሌላ መጋዘን ፍለጋ ሄደ። አናጺው ከኋላው አየው። ይህ ሰው ሊያስወጣው መጥቶ ደንበኛው ሆኖ መሄዱ ግራ አጋባው። ዕድል የሚሉት ይህ ይሁን ወይስ ሌላ መልክ አለው፣ አላወቀም። ሚስቱን ጠየቃት። እሷ የወንድሟ እናት የእሷም እናት መሆኗን አስታወሰችውና ቶሎ ሥራ አለችው።

አናጺው ግን ከክምሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ምርጥ እንጨት መርጦ ለብቻው አኖረ። እህቱ መላጊያው ሲጮህ ሰምታ የጓዳዋን በር በምርኩዟ ገፋች። የተመረጠውን እንጨት አየችው። ርዝመቱም ስፋቱም የወንበር አይደለም።

አበድክ ወይ አለችው። ሃያ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ እየጠበቀህ፣ ሲስተር ዛሬ መጣ ነገ መጣ እያለች፣ ደግሞ የሚስትህ እናት አለች። ይህ ሥራ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው የመጣው? ሰው በእጁ የገባውን ሲሳይ እንደዚህ ያስቀምጠዋል? እሷ ፍራሹን ለምዳዋለች።

«እነሱ እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ» አለ አናጺው። «አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀሻል።»

  አናጺው የጀመረውን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣትና ፊቷ በርከክ አለ። ጫማዋን አወለቀላት። ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ጀርባ በስንዝሩ ለካ።

«ምን ልትገዛልኝ ነው፣ ቦት ጫማ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደሁልጊዜው አልነበረም።

የፍራሹን ውፍረት ቀንሶ የአልጋውን እግር አወጣ። አራቱን እግር በመሮ አጋጠመ። ራስጌውን ልሙጥ አድርጎ ተወው፤ አበባ ልቅረጽ ቢላት ጊዜህን አታባክን ብላዋለች። በሦስተኛው ቀን አልጋውን ጓዳው ውስጥ አቆመ። ጓዳው በአልጋው ሞላ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ ልታነሳት ገባች። እህቲቱ ተነስታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ ሻሿን ታስራለች። ሚስቱ እጇን ዘርግታ ቀረች። እህቲቱ አልያዘችውም፤ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ወጥታ ወንድሟ በሚሠራበት በኩል አለፈች። አናጺው ቀና ሳይል ይልጋል፤ ጆሮው ግን ቆሟል።

«ተኝቼበታለሁ» አለችው። «ተከፍሎኛል። በል አሁን የሰው ወንበር ሥራ።»